የማዘርቦርድ ፈርምዌር ዝማኔ

የማዘርቦርድ ፈርምዌር ዝማኔ፣ በተለምዶ «ባዮስ አፕዴት ማድረግ» የሚባለው፣ በኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ በምትገኝ አነስተኛ የማህደረ ትውስታ ቺፕ ውስጥ የተጻፈውን የማስነሻ ፕሮግራም በአዲስ እትም የመተካት ሥራ ነው። ዝማኔ የሚወጣው አዳዲስ ፕሮሰሰሮች በማዘርቦርዱ ላይ እንዲሠሩ ለማስቻልና ስህተቶችን ለማረም ሲሆን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በአብዛኛው የደህንነት ክፍተቶችን ለመድፈን ሆኗል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ ሆኖም በመሃል ቢቋረጥ ማሽኑ ጨርሶ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል። በሌላ በኩል ሳይዘመን የቀረ ፈርምዌር ሃርድ ዲስክ ቢቀየር እንኳ የማይጠፋ ቫይረስ መደበቂያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማዘመን ወይም መተው ሁለት ጉዳቶችን የማመዛዘን ጉዳይ ነው፤ መልሱም እንደ ክፍተቱና እንደ ማሽኑ ይለያያል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈርምዌሩና ሥራው

ኮምፒውተር ሲበራ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ወይም ወደ ሊኑክስ አይሄድም። በመጀመሪያ የሚያነበው በማዘርቦርዱ ፍላሽ ቺፕ ላይ የተጻፈውን ኮድ ነው። ይህ ኮድ ራሙን ያዘጋጃል፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኩንና ስክሪኑን ያነቃል፣ ከዚያም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ፈልጎ ያስነሳል። በአሁኑ ጊዜ በሚሸጡ የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ላይ ቺፑ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 32 ሜጋባይት ይይዛል።

«ባዮስ» የሚለው ስም ከ1975 ጀምሮ ጌሪ ኪልዳል ከሠራው ሲፒ/ኤም ከተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመጣ ነው። በስፋት የታወቀው ግን በ1981 ከወጣው የአይቢኤም ፒሲ ጋር ነው። ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ የማስነሻ ሥርዓት መንደፍ ጀመረ፤ በ2005 በተቋቋመው የዩኢኤፍአይ ፎረም አማካኝነትም ሥርዓቱ «ዩኢኤፍአይ» በሚል ስም የኢንዱስትሪው የጋራ ደረጃ ሆነ። ዛሬ የሚሸጡ ፒሲዎች የሚጠቀሙት ዩኢኤፍአይን ቢሆንም ሰዎችም ሆኑ አምራቾች አሁንም «ባዮስ» ይሉታል።

አንድ የዝማኔ ፋይል በውስጡ በርካታ ነገሮችን ይይዛል። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. የማስነሻው ኮድ። ይህም ሃርድዌሩን የሚያዘጋጀውና የቅንብር ገጹን የሚያሳየው ክፍል ነው።

2. ማይክሮኮድ። ይህ የፕሮሰሰሩን ውስጣዊ አሠራር የሚያርም አነስተኛ ኮድ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ከፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚጠፋ በተነሳ ቁጥር እንደገና ይጫናል።

3. የረዳት ፕሮሰሰሮች ኮድ። በኢንቴል ማሽኖች ላይ «ማኔጅመንት ኢንጂን»፣ በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ደግሞ «ፒኤስፒ» የሚባሉት ትናንሽ ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ፈርምዌር አላቸው።

4. የሴኪዩር ቡት ቁልፎች። የትኛው የማስነሻ ፕሮግራም እንደሚታመንና የትኛው እንደሚከለከል የሚወስኑ ዝርዝሮች ናቸው።

ከእነዚህ በተጨማሪ ፈርምዌሩ ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተሰውሮ የሚሠራ «ኤስኤምኤም» የተባለ የፕሮሰሰር ሁነታን ያዘጋጃል። በዚህ ሁነታ የሚሠራ ኮድ መላውን ራም ማየት ሲችል፣ ጸረ ቫይረስ ግን እርሱን ማየት አይችልም። የፈርምዌር ክፍተት ከተራ ፕሮግራም ክፍተት የከበደ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝማኔው ወደ ተጠቃሚው የሚደርሰው በረጅም ሰንሰለት ነው። ለምሳሌ ኤኤምዲ ማስተካከያውን «አጌሳ» በተባለ ጥቅል ለማዘርቦርድ አምራቾች ይልካል። እነርሱም እንደ ኤኤምአይ፣ ኢንሳይድና ፊኒክስ ካሉ የፈርምዌር ድርጅቶች ከሚገዙት ኮድ ጋር አዋህደው ለእያንዳንዱ ሞዴል ፈትነው ያወጣሉ። በዚህ የተነሳ አንድ ክፍተት በዜና ከተሰማበት ቀን አንስቶ ማስተካከያው አንድ የተወሰነ ማዘርቦርድ ዘንድ እስኪደርስ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ለአንዳንድ ሞዴሎችም ጨርሶ ላይደርስ ይችላል።

«የሚሠራን አትንካ» የሚለው ምክር

ለረጅም ዓመታት ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር «ችግር ከሌለ ባዮስን አትንካ» የሚል ነበር። ምክሩ በጊዜው በቂ ምክንያት ነበረው። ፍላሽ ቺፕ ከመለመዱ በፊት ባዮስ የሚቀየረው ቺፑ ራሱ ተነቅሎ በሌላ ሲተካ ነበር። በ1990ዎቹ ፍላሽ ቺፕ ሲስፋፋ ዝማኔ በፍሎፒ ዲስክ መጫን ተቻለ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች መጠባበቂያ አልነበራቸውም። በመሃል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ «ሞተ» ይባል ነበር። በዚያ ላይ ዝማኔዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ፕሮሰሰር ወይም ትልቅ ሃርድ ዲስክ እንዲሠራ የሚያደርጉ ነበሩ፤ ይህን ለማይፈልግ ሰው ጥቅማቸው ዜሮ፣ አደጋቸው ግን ከፍተኛ ነበር።

ፍላሽ ቺፕ በሶፍትዌር መጻፍ መቻሉ ራሱ አደጋ እንዳለው ቀድሞ ያሳየው በ1998 የታየው ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የቼርኖቤል የኑክሌር አደጋ በደረሰበት ዕለት፣ ኤፕሪል 26 ቀን፣ ስለሚነቃ «ቼርኖቤል» ተብሎም ይጠራል። በ1999 በዚያ ቀን በበርካታ አገሮች የኮምፒውተሮችን ሃርድ ዲስክ መጀመሪያ ክፍል አጠፋ፤ ቺፓቸው ከጽሕፈት ባልተጠበቀ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ባዮሱን በማይረባ መረጃ ደምስሶ ማሽኖቹን ከሥራ ውጭ አደረገ።

የድሮው ምክር ኃይሉ የቀነሰው በሁለት ለውጦች ምክንያት ነው። አንደኛው አጥቂዎች ፈርምዌርን ከመደምሰስ ይልቅ መደበቂያ ማድረግ መጀመራቸው ነው። ሁለተኛው አምራቾች ከተበላሸ ዝማኔ መመለሻ መንገዶችን በማዘርቦርዶች ላይ መጨመራቸው ነው።

የታወቁ ክፍተቶችና ጥቃቶች

የሚከተሉት አምስት ምሳሌዎች «የፈርምዌር ክፍተት» በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ነገሮች በመግቢያ መንገዳቸውም ሆነ በመፍትሔያቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ ያሳያሉ።

ሎጃክስ። በሴፕቴምበር 2018 ኢሴት የተባለው የደህንነት ኩባንያ ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ በእውነተኛ ጥቃት ላይ ሲውል የተገኘ የመጀመሪያው የዩኢኤፍአይ ሩትኪት ነው። በባልካን አገሮችና በመካከለኛውና ምሥራቅ አውሮፓ የመንግሥት ተቋማት ላይ ያነጣጠረ ነበር። የጽሕፈት መከላከያቸው በትክክል ባልተዋቀረ ማሽኖች ፍላሽ ቺፕ ላይ ራሱን ይጽፋል፤ ዊንዶውስ ተደምስሶ እንደገና ቢጫን ወይም ሃርድ ዲስኩ ቢቀየር እንኳ ተመልሶ ይመጣል።

ብላክሎተስ። በ2022 በድብቅ ገበያ በ5,000 ዶላር ሲሸጥ የነበረና በማርች 2023 በኢሴት የተተነተነ ቡትኪት ነው። ሴኪዩር ቡትን ቢያልፍም የሚቀመጠው በፍላሽ ቺፑ ላይ ሳይሆን በዲስኩ የማስነሻ ክፍልፋይ ላይ ነው። የተጠቀመበትም ክፍተት የዊንዶውስ ማስነሻ ፕሮግራም ክፍተት ነበር። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ የዊንዶውስ ዝማኔና የድሮ ማስነሻዎችን በክልከላ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት እንጂ የማዘርቦርድ አምራቹ ባዮስ አልነበረም።

ሎጎፌይል። ባይናርሊ የተባለው ድርጅት በዲሴምበር 2023 በዝርዝር ያቀረበው የክፍተቶች ስብስብ ነው። ምንጩ ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚታየው የአምራቹ ሎጎ ነው። ፈርምዌሩ የምስል ፋይሉን የሚያነብበት ኮድ ስህተት ስለነበረበት፣ አጥቂ ሆን ብሎ የተበላሸ ምስል ቢያስቀምጥ የሴኪዩር ቡትን ቁጥጥር አልፎ የራሱን ኮድ ማስኬድ ይችላል። ክፍተቱ በሦስቱም ታላላቅ የፈርምዌር ድርጅቶች ኮድ ውስጥ ተገኝቷል። ሆኖም ሎጎውን ተጠቃሚ እንዳይቀይረው አድርገው በሠሩ ማሽኖች ላይ፣ ለምሳሌ በብዙ የዴል ኮምፒውተሮች ላይ፣ ስህተቱ ቢኖርም ለጥቃት መጠቀሚያ መንገድ አልነበረውም።

ፒኬፌይል። በጁላይ 2024 ይፋ ሆነ። ኤኤምአይ ለሙከራ ብቻ ያዘጋጀውና በስሙ ላይ ሳይቀር «አትመኑት» የሚል ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት የሴኪዩር ቡት ዋና ቁልፍ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ የተለያዩ አምራቾች ሞዴሎች ላይ ሳይለወጥ ለገበያ ቀርቦ ተገኘ። የቁልፉ ምስጢራዊ ክፍልም በኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ነበር። ቁልፉ በፈርምዌሩ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ዘላቂው መፍትሔ አምራቹ ቁልፉን ቀይሮ የሚያወጣው አዲስ ፈርምዌር ነው።

ሲንክክሎዝ። በኦገስት 2024 በላስ ቬጋስ በዴፍ ኮን ጉባኤ የቀረበ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ክፍተት ነው፤ መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2023-31315 ነው። ከ2006 ጀምሮ በተሠሩ የኩባንያው ፕሮሰሰሮች ላይ ይገኛል። ቀደም ብሎ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት የተቆጣጠረ አጥቂ በዚህ ክፍተት ወደ ኤስኤምኤም ሊገባ ይችላል።

ዝማኔው ራሱ ሲሳሳት

ማዘመን ሁልጊዜ ያለ ችግር እንደማያልፍ በጉልህ የታየው በ2018 መጀመሪያ ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሲሆኑ ኢንቴል አዲስ ማይክሮኮድ አወጣ፤ የኮምፒውተርና የማዘርቦርድ አምራቾችም በባዮስ ዝማኔ አሠራጩት። ብዙም ሳይቆይ ብሮድዌልና ሃስዌል ፕሮሰሰር ያላቸው ማሽኖች በድንገት ራሳቸውን እያጠፉ መነሳት ጀመሩ። ጃንዋሪ 22 ቀን ኢንቴል አምራቾችና ደንበኞች ያንን እትም ማሠራጨትና መጫን እንዲያቆሙ ጠየቀ። የተስተካከለው ማይክሮኮድ በቀጣዮቹ ሳምንታት ወጣ። በዜናው ማግሥት ያዘመኑ ሰዎች ችግር ሲገጥማቸው፣ ጥቂት ሳምንታት የጠበቁት ግን የተረጋጋውን እትም አገኙ።

ተቃራኒው ትምህርት የመጣው በ2024 ነው። በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ማይክሮኮዱ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ ስለነበር ፕሮሰሰሮቹ ቀስ በቀስ ይጎዱ ነበር። ኢንቴል ማስተካከያውን በኦገስት 2024 በባዮስ በኩል አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ጉዳቱ እንዳይደርስ ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳን ፕሮሰሰር አይጠግንም። ይህ የደህንነት ክፍተት ባይሆንም፣ መዘግየትም ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ለመወሰን የሚረዱ ጥያቄዎች

ክፍተቱ ይህን ማሽን ይነካል?

የታወቁ ክፍተቶች «ሲቪኢ» የሚባል ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። አምራቾች በደህንነት መግለጫቸው የትኛው ሞዴል እንደሚነካና የትኛው የፈርምዌር እትም እንደሚያስተካክለው በዚሁ ቁጥር ይዘረዝራሉ። የማሽኑ የአሁን እትምና ቀን በዊንዶውስ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» በሚባለው ፕሮግራም ይታያል። ከሞዴሉ ስም ጋር በማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን የሪቪዥን ቁጥር ማየትም ያስፈልጋል፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ሪቪዥናቸው የተለያየ ማዘርቦርዶች የተለያየ ፋይል ሊፈልጉ ይችላሉ።

አጥቂው በምን በኩል ይደርሳል?

የክብደት ነጥቡ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፤ ነገር ግን ነጥቡ ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም። ይበልጥ የሚጠቅመው አጥቂው አስቀድሞ ምን በእጁ ሊኖረው እንደሚገባ ማወቅ ነው።

በኔትወርክ በኩል ያለ ይለፍ ቃል የሚደረስበት ክፍተት ከሁሉም የሚያስቸኩለው ነው። በማርች 2025 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2024-54085 በሰርቨር ማዘርቦርዶች ላይ በሚገኘው ቢኤምሲ በተባለው የርቀት መቆጣጠሪያ ላይ የተገኘ ሲሆን ሙሉ 10 ነጥብ ተሰጥቶታል። በጁን 2025 የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም ሲአይኤስኤ በተግባር ጥቃት በተፈጸመባቸው ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ መዘግየት ምክንያት የለውም።

ሎጎፌይልና ሲንክክሎዝ ግን አጥቂው አስቀድሞ የአስተዳዳሪ ወይም ከዚያ የበለጠ ሥልጣን እንዲይዝ ይጠይቃሉ። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው «ሌባው ቤት ከገባ ወዲያ ስለ መዝጊያው መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ቫይረስ ያለ ፈርምዌር ክፍተትም ፋይልና ይለፍ ቃል መስረቅ ይችላል። የፈርምዌር ክፍተት የሚጨምረው ግን ዘላቂነትን ነው። ተራ ቫይረስ የገባበት ሰው ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ በመጫን ይገላገላል። ቫይረሱ ፍላሽ ቺፑ ላይ ከተቀመጠ ግን ይህ የመጨረሻ መድኃኒት አይሠራም፤ ሌባው ከቤት ሲወጣ የራሱን ቁልፍ ይዞ እንደ መሄድ ነው።

ማሽኑን በእጅ መንካት የሚጠይቁ ክፍተቶች ደግሞ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዴስክቶፕ ብዙ አያሰጉም። በሆቴል፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በጋራ ቢሮ ውስጥ ለሚተው ላፕቶፕ ግን ያሰጋሉ።

ሌላ መንገድ አለ?

ማይክሮኮድ በባዮስ ብቻ ሳይሆን በዊንዶውስና በሊኑክስ ዝማኔዎችም ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ለአንዳንድ የፕሮሰሰር ክፍተቶች ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማዘመን ብቻ በቂ ነው። ብላክሎተስም ዋና መፍትሔው ከዊንዶውስ በኩል ነበር። የማስነሻ ኮዱን፣ ኤስኤምኤምን ወይም በቺፑ ላይ ያሉ ቁልፎችን የሚመለከት ክፍተት ግን በአብዛኛው በፈርምዌር ዝማኔ እንጂ በሌላ አይደፈንም።

ቢበላሽ መመለሻ አለ?

በርካታ ማዘርቦርዶች ያለ ፕሮሰሰርና ያለ ራም እንኳ ከፍላሽ ዲስክ ባዮስ የሚጽፍ ቁልፍ በጀርባቸው አላቸው፤ አሱስ «ባዮስ ፍላሽባክ»፣ ጊጋባይት «ኪው-ፍላሽ ፕላስ» ይለዋል። አንዳንድ የጊጋባይት ማዘርቦርዶች ሁለት የባዮስ ቺፕ አላቸው። ብዙ የድርጅት ላፕቶፖች ደግሞ የተበላሸን ባዮስ ከመጠባበቂያ ቅጂ ይመልሳሉ። እንዲህ ያለ መመለሻ ባለበት ማሽን ላይ የዝማኔ አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በሌለበት ማሽን ላይ ግን የድሮው ጥንቃቄ አሁንም ቦታ አለው።

ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?

አንዳንድ እትሞች የድሮው ክፍተት ተመልሶ እንዳይከፈት ወደ ቀድሞው እትም መመለስን ይከለክላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ አንድ ነገር ሲሰጡ ሌላ ይወስዳሉ። በኤኤምዲ ኤኤም4 ማዘርቦርዶች ላይ የሪዝን 3000 ድጋፍ ሲጨመር፣ 16 ሜጋባይት ቺፕ ያላቸው አንዳንድ ሞዴሎች ቦታ ስለጠበባቸው የአሮጌ ፕሮሰሰሮችን ድጋፍ አስወግደዋል። ስለዚህ ከማዘመን በፊት የእትሙን ማብራሪያ ማንበብ ያስፈልጋል።

በተለያዩ ሁኔታዎች

በአምራቹ የሚደገፍ የቤት ዴስክቶፕ። ክፍተቱ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚጠይቅ ከሆነ «ቤታ» ያልሆነውን እትም ለጥቂት ሳምንታት ቆይቶ መጫን ተመጣጣኝ ውሳኔ ነው። ጨርሶ አለመጫን ግን አይመከርም።

ለተለየ ጥቃት የተጋለጡ ሰዎች። ሎጃክስ እንዳሳየው የፈርምዌር ጥቃት ውድና የተመረጠ ዒላማ ያለው ነው። ለጋዜጠኞች፣ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ምስጢር ለሚይዙ ድርጅቶችና ላፕቶፕ ይዘው ድንበር ለሚሻገሩ ሰዎች ዝማኔው ቅድሚያ የሚሰጠው ነው።

የጋራ ማሽኖች። በትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ በኢንተርኔት ካፌና በሰርቨር ማዕከል ብዙ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ማሽን ይጠቀማሉ። እዚህ ማዘመን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከአንድ ሞዴል መጀመሪያ አንድ ማሽን አዘምኖ ለጥቂት ቀናት መከታተል፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ መሄድ ይመረጣል።

ከኔትወርክ ውጭ የሚሠራ ማሽን። ከኢንተርኔት ያልተገናኘ፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራና መመለሻ የሌለው አሮጌ ማሽን ቢበላሽ ሥራ የሚያስቆም ከሆነ፣ ዝማኔውን መተው ሊያስኬድ ይችላል። ቢሆንም ፍላሽ ዲስክ ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣበት ከሆነ ማሽኑ በእርግጥ የተለየ ነው ማለት አይቻልም።

ያገለገለ ኮምፒውተር። በ2022 ካስፐርስኪ «ኮስሚክስትራንድ» የተባለ ሩትኪት ኤች81 ቺፕሴት ባላቸው አሮጌ የአሱስና የጊጋባይት ማዘርቦርዶች ፈርምዌር ውስጥ ማግኘቱን ገልጿል። ያገለገለ ማሽን ሲገዛ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ብቻ ሳይሆን ፈርምዌሩንም ከአምራቹ ድረ ገጽ በተገኘ ፋይል እንደገና መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው።

ከማዘመን በፊት

1. ፋይሎችን በሌላ ዲስክ መገልበጥ። ዝማኔው ዲስኩን አይነካም፤ ማሽኑ ካልተነሳ ግን ፋይሎቹ ለጊዜው ከእጅ ይወጣሉ።

2. የቢትሎከርን 48 አሃዝ የመመለሻ ቁልፍ ማግኘት። ይህ ብዙዎች የሚረሱትና ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያመጣው ነው። ቢትሎከር ዲስኩን የሚከፍተው ቲፒኤም የተባለው ቺፕ ማስነሻው እንዳልተለወጠ ሲያረጋግጥ ነው። ፈርምዌሩ ሲዘመን ማረጋገጫው ስለሚለወጥ ዊንዶውስ የመመለሻ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ማዘርቦርዱ ደህና ሆኖ ሳለ ፋይሎቹ ለዘለዓለም ተቆልፈው ይቀራሉ። ቁልፉን በወረቀት ጽፎ መያዝና ቢትሎከርን ከዝማኔው በፊት ለጊዜው ማቆም ይህን ይከላከላል።

3. የኤሌክትሪክ ኃይልን ማረጋገጥ። ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶና ከቻርጀር ጋር ተገናኝቶ ይዘመናል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ዴስክቶፕን ያለ ዩፒኤስ ማዘመን አይመከርም።

4. ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ማውረድ። ስለ ሞዴሉ ሊሳሳት ወይም የተበከለ ፋይል ሊሰጥ ስለሚችል ባዮስ እንፈልግላችሁ ከሚሉ ሌሎች ፕሮግራሞች መራቅ ይገባል። ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ኤልቪኤፍኤስ የተባለው አገልግሎት ከአምራቾች በቀጥታ የቀረቡ ዝማኔዎችን ያሠራጫል።

5. የቅንብር ገጹን በስልክ ፎቶ ማንሳት። ከዝማኔው በኋላ ቅንብሮች ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ሊመለሱ ይችላሉ።

ማሽኑ ካልተነሳ

ከዝማኔ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ መቆየቱ ሁልጊዜ ብልሽት ማለት አይደለም። በዲዲአር5 ማሽኖች ላይ ፈርምዌሩ ራሙን እንደ አዲስ ስለሚለካ የመጀመሪያው መነሳት በርካታ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ተደናግጦ ኃይል ማቋረጥ አይገባም። ማሽኑ በርቶ ዊንዶውስ ብቻ አልነሳ ካለ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የተለወጠ ቅንብር ነው፤ በተለይ የዲስክ መቆጣጠሪያው ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ መቀየሩ ወይም የማስነሻ ቅደም ተከተሉ መፋለሱ። ወደ ቀድሞው መመለስ ችግሩን ይፈታል።

ፈርምዌሩ በእርግጥ ከተበላሸ በመጀመሪያ የማዘርቦርዱን የመመለሻ ቁልፍ ወይም መጠባበቂያ ቺፕ መሞከር ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ የጥገና ባለሙያ እንደ ሲኤች341ኤ ባለ ርካሽ የቺፕ መጻፊያ መሣሪያ ትክክለኛውን ፋይል በቀጥታ በቺፑ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ለላፕቶፕ ግን የማሽኑ መለያ ቁጥርና ሌሎች የግሉ መረጃዎች በዚያው ቺፕ ላይ ስለሚቀመጡ፣ ከመጻፍ በፊት የድሮውን ይዘት አንብቦ ማስቀመጥ ይገባል። ፈርምዌሩ በቫይረስ መበከሉ ከተጠረጠረም በዚህ መንገድ ከውጭ መጻፍ ይመረጣል፤ የተበከለ ፈርምዌር በራሱ ላይ የሚደረግን ዝማኔ ሊያሰናክል ይችላልና።

ድጋፍ ያበቃላቸው ማሽኖች

ለብዙ ማሽኖች ጥያቄው ራሱ አይነሳም፤ አምራቹ ዝማኔ ማውጣት አቁሟልና። ኤኤምዲ ለሲንክክሎዝ መጀመሪያ ላይ ለሪዝን 3000 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ማስተካከያ እንደማያዘጋጅ ገልጾ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ጨመራቸው። የ1000ና የ2000 ተከታታዮች የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ግን ሳይካተቱ ቀሩ።

እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው የሚቀሩት መከላከያዎች ወደ ክፍተቱ የሚያደርሱትን መንገዶች መዝጋት ናቸው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማዘመን፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሌለው መለያ መጠቀም፣ የተሰረቁና ምንጫቸው ያልታወቀ ፕሮግራሞችን አለመጫን፣ ሴኪዩር ቡትን ማብራትና የባዮስ ይለፍ ቃል ማስቀመጥ ይጠቅማሉ። አብዛኞቹ የፈርምዌር ጥቃቶች አስቀድመው የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚፈልጉ ይህን ሥልጣን መከልከል ክፍተቱን ባይደፍንም መንገዱን ይዘጋል።

የሴኪዩር ቡት ሰርተፊኬቶችም ጊዜ አላቸው። ማይክሮሶፍት በ2011 ያወጣቸው ሰርተፊኬቶች ከጁን 2026 ጀምሮ የአገልግሎት ዘመናቸው የሚያበቃ ሲሆን በ2023 በወጡ አዳዲስ ሰርተፊኬቶች ይተካሉ። አዲሶቹ ለብዙ ማሽኖች በዊንዶውስ ዝማኔ ይደርሳሉ፤ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ግን አስቀድሞ የፈርምዌር ዝማኔ ያስፈልጋል። ያልተቀበሉ ማሽኖች መነሳታቸውን አያቆሙም፤ ነገር ግን ለማስነሻው ክፍል ወደፊት የሚወጡ የደህንነት ማስተካከያዎች አይደርሷቸውም።